«መንግሥት ተዘጋ» ሲባል የምንሳሳታቸው ነገሮች

በ2025 ኦክቶበር፣ የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት በጀቱ በወቅቱ ባለመጽደቁ በተዘጋ በሁለተኛው ሳምንት፣ አንድ ጎረቤቴ የዜግነት ኢንተርቪው ቀጠሮው ላይ ሳይገኝ ቀረ። ማታ ቴሌግራም ላይ «ኢሚግሬሽን ዝግ ነው» የሚል መልእክት ደርሶት ነበር። ቢሮው ግን ክፍት ነበር። ሌላ ቀጠሮ እስኪያገኝ ስንት ጊዜ ፖስታ ሳጥኑን ሲከፍትና ሲዘጋ አይቼዋለሁ።

የመጀመሪያው ስህተት ይኸው ነው፤ ተዘጋ ሲባል ሁሉም የተዘጋ ይመስለናል። መጠየቅ ያለበት «የዚያ መሥሪያ ቤት ገንዘብ ከየት ይመጣል?» ተብሎ ነው። ሕግ አውጪው ኮንግረስ በየዓመቱ በበጀት ሕግ የሚመድበው ከፌዴራሉ ወጪ ሩብ ያህሉን ነው። ሶሻል ሴኩሪቲና (የጡረታ ክፍያው) ሜዲኬር (የአረጋውያን ሕክምና መድን) በቋሚ ሕግ ይከፈላሉ። ፖስታ ቤቱ ከራሱ ገቢ ይተዳደራል። ዜግነትና ግሪን ካርድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤትም በአብዛኛው የሚኖረው እኛው ከማመልከቻው ጋር በምንከፍለው ገንዘብ ነው። የኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት ግን ሌላ ቤት ነው፤ በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ሆኖ የዓመት በጀት ይጠብቃል። ከ2018 ወደ 2019 በተሻገረው የ35 ቀን መዘጋት ያልታሰሩ ሰዎች ችሎት ለሌላ ጊዜ ተላልፏል። እኛ ሁለቱንም «ኢሚግሬሽን» ስለምንላቸው የአንዱ ወሬ ለሌላው ይሰጣል።

ፉድ ስታምፕ፣ ማለትም ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች በካርድ የሚሰጠው የምግብ መግዣ እርዳታ፣ ደግሞ በቋሚ ሕግ ከሚከፈለውም በየዓመቱ ከሚመደበውም ጋር ሙሉ በሙሉ አይገጥምም። መብቱ በቋሚ ሕግ ቢኖርም ገንዘቡ በየዓመቱ በእርሻ ሚኒስቴር በጀት ውስጥ መግባት አለበት። በ2025 ኖቬምበር ካርዳቸው ባዶ የሆነባቸው እናቶች «መብታችን ተሰረዘ» ብለው የደነገጡት ለዚህ ነው። መብቱ አልተሰረዘም፤ ገንዘቡ ነው የቆመው።

ሁለተኛው ስህተት ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የፌዴራሉ በጀት በአንድ አዋጅ ይጸድቅና ሐምሌ 1 ሥራ ይጀምራል። እዚህ አሜሪካ ግን 12 የበጀት ሕጎች አሉ፤ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶቹና እንደ ናሳ ያሉት ነጻ ተቋማት በእነዚህ ተከፋፍለዋል። ዓመቱ የሚጀምረው ኦክቶበር 1 ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በግሸን ማርያም ዕለት ይውላል፣ ለማስታወስ ያመቻል። ሁሉም በጀቶች በሰዓታቸው ጸድቀው የሚያውቁት ለመጨረሻ ጊዜ በ1996 ነው። ስለዚህ ከፊሉ ሲጸድቅ ከፊሉ በጊዜያዊ ማራዘሚያ ይቆያል። ለ43 ቀናት የዘለቀውን መዘጋት ያበቃው የኖቬምበር 12፣ 2025 ሕግ እንኳ ለሙሉ ዓመት የያዘው ሦስቱን ብቻ ነበር፤ የእርሻው ከእነሱ አንዱ ስለሆነ ፉድ ስታምፕ እስከ ሴፕቴምበር 2026 መጨረሻ ተሸፈነ። የቀሩት እስከ ጃንዋሪ 30 ተራዘሙ። «በጀት ጸደቀ» የሚል ዜና ስትሰሙ «የማን?» በሉ።

በየዓመቱ ደግሞ «ፕሬዚዳንቱ የእንትንን በጀት ሰረዙ» የሚል ዜና ይሠራጫል። ፕሬዚዳንቱ የሚልኩት ሰነድ ሐሳብ ነው። ሕገ መንግሥቱ ካዝናውን የሚከፍተው ኮንግረስ በሚያወጣው ሕግ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ የጸደቀ ገንዘብም ተመልሶ ሊነሳ ይችላል፤ በ2025 ጁላይ ለውጭ እርዳታና ለሕዝብ ብሮድካስት ከተመደበው 9 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የተነሳው በፕሬዚዳንቱ ጥያቄና በኮንግረስ ድምፅ ነው።

«አንዱ ፓርቲ ሁሉንም ይዞ እንዴት መንግሥት ይዘጋል?» የሚለውም የቡና ላይ ክርክር ነው። የበጀት ሕግ ሴኔት (100 አባላት ያሉት የኮንግረሱ ምክር ቤት) ውስጥ ለማለፍ በተግባር 60 ድምፅ ይፈልጋል፤ ሁሉንም የያዙት ሪፐብሊካኖች ግን 53 ብቻ ነበራቸው።

ሌላው ግራ የሚያጋባው «ኮንግረስ ለፕሮግራሙ ይህን ያህል ሚሊዮን ፈቀደ» የሚለው ነው። ፕሮግራም የሚያቋቁመው ሕግና ገንዘብ የሚመድበው ሕግ ይለያያሉ። ካርታ ያወጣ ሁሉ ቤት አልሠራም፤ ሲሚንቶው ገና ነው።

ብዙ ወገኖቻችንን ኪሳቸው ላይ የሚመታው ግን የመጨረሻው ስህተት ነው፤ «ሲከፈት ያለፈው ደመወዝ ይከፈላል» ብሎ መቀመጥ። በ2019 የወጣው ሕግ ወደ ኋላ የሚከፈል ደመወዝ የሚያረጋግጠው ለፌዴራል መንግሥት ሠራተኛ ነው። ዋና ከተማዋ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ሕንጻ የሚያጸዱ፣ በር የሚጠብቁ፣ ካፌቴሪያ ውስጥ የሚሠሩ ሐበሾች ብዙዎቹ የኮንትራክተር፣ ማለትም ከመንግሥት ጋር ውል ያለው የግል ኩባንያ፣ ሠራተኞች ናቸው። ባጃቸው ላይ የመሥሪያ ቤቱ ስም አለ፤ የደመወዝ ወረቀታቸው ላይ ያለው ግን የኩባንያው ነው። የሚታየው ወረቀቱ ነው።

የማውቃት አንዲት እህት ማታ ማታ የፌዴራል ቢሮ ታጸዳለች። መንግሥት በተዘጋ በመጀመሪያው ቀን ሱፐርቫይዘሯ «እስክንደውል ቤት ቆዩ» የሚል ቴክስት ላከላት። አብረዋት ሊፍት የሚሳፈሩት የመንግሥት ሠራተኞች «አይዞሽ፣ ኋላ ይሰጡናል» አሏት፤ እሷም አመነች። ለሥራ አጥ ክፍያ ማመልከት እንደምትችል የሰማችው በአምስተኛው ሳምንት ነው። እንዲህ ያለ ቴክስት የደረሰው ሰው ቴክስቱን ሳያጠፋ በዚያው ሳምንት ለሚሠራበት ስቴት ወይም ለዲሲ ማመልከት አለበት፤ ካመለከቱበት ሳምንት በፊት ላለፈው ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ አይከፈልምና። ኖቬምበር ላይ ስትመለስ ባልደረቦቿ ስለ ገባላቸው ደመወዝ ያወራሉ፤ እሷ የአራቱን ሳምንት ኪራይ ከዕቁቧ ጸሐፊ ተበድራ ነበር።