ኤቢኤስ ያለው ትራክ ቁልፍ ስትከፍቱ የሚበራውና የሚሰማው ነገር

እዚህ አሜሪካ ሲዲኤል (የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ) አውጥታችሁ ገና መንዳት የጀመራችሁ ልጆች ደጋግማችሁ ስለምትጠይቁኝ አንዴ ልጻፈው። ቁልፉን ስትከፍቱ ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ የኤቢኤስ (ፍሬን ስትይዙ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ሲስተም) መብራት ይበራል፣ ከስር ደግሞ ጠቅ ጠቅ የሚል ነገር ትሰማላችሁ፣ ብልሽት አይደለም፣ ኮምፒውተሩ ራሱን እየፈተሸ ነው። መብራቱ 3 ሰከንድ ያህል ቆይቶ መጥፋት አለበት፣ የቆየ ሞዴል ከሆነ ግን በሰዓት 5 ማይል እስክታልፉ ሳይጠፋ ሊቆይ ይችላል።

ብዙ ሰው የሚረሳው፣ መብራቱ ጭራሽ ካልበራም ችግር ነው። አንድ ጊዜ የተረከብኩት ትራክ ላይ ዳሽቦርዱ ንጹህ ነበር፣ ምንም ቢጫ ነገር የለም፣ እኔም ደስ ብሎኝ ልወጣ ስል ቁልፉን ዘግቼ ደግሜ ብከፍተው ለአንድ ሰከንድ እንኳን አይበራም፣ ለካ አምፖሉ ተቃጥሏል፣ ኤቢኤሱ ቢበላሽም የሚነግረኝ የለም ማለት ነው። ስለዚህ ቁልፍ ስትከፍቱ ዓይናችሁ እዛ ላይ ይሁን፣ ኢንስፔክተሩም መንገድ ላይ ሲያስቆማችሁ ዝጋና ክፈት ብሎ የሚያየው እሱን ነው።

ድምፁ ላይ ልቆይ። የትራክ ፍሬን በአየር ነው የሚሰራው፣ ማታ የአየር ታንኩ ሙሉ ሆኖ ካደረ ጠዋት ሞተር ሳላስነሳ፣ ሬዲዮ አጥፍቼ፣ መስኮት አውርጄ፣ የእግር ፍሬኑን ጠበቅ አድርጌ ረግጬ ቁልፉን ብቻ እከፍታለሁ። ያኔ በየጎማው ያሉት ቫልቮች በየተራ ፍስስ ይላሉ። ቤንዲክስ የሚባለው ኩባንያ ኤቢኤስ የተገጠመለት ላይ ፊት ቀኝ፣ ፊት ግራ፣ ኋላ ቀኝ፣ ኋላ ግራ ይልና ዙሩን ይደግመዋል። ካልረገጣችሁ ወይም አየር ከሌለ ጠቅታውን እንጂ ትንፋሹን አትሰሙትም።

ይሄን መስማት ለምን ይጠቅማል ብትሉኝ፣ አንዴ ትራኬ የፊት ፍሬን ተሰርቶለት ከጋራዥ ወጣ፣ መብራቱ በሰዓቱ ጠፋ፣ ሁሉ ነገር ደህና ይመስላል፣ ስሰማው ግን መጀመሪያ በኔ በኩል ማለትም በግራ ተነፈሰ ከዛ በቀኝ። የሁለቱን ቫልቭ ሽቦ አቀያይረው ሰክተውታል። በረዶ ላይ የቀኙ ጎማ ሲንሸራተት የግራውን ፍሬን ሊለቅልኝ ነበር ማለት ነው፣ ኮምፒውተሩ ደግሞ ሁለቱም ሽቦ ስለተሰካ ምንም አላወቀም። መለስኩት፣ ሰኩትና አለቀ።

ከዛ ሞተር አስነሱ። አየሩ ወርዶ ካደረ የአየር ጌጁ 60 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) አካባቢ እስኪያልፍ አየር አነሰ የሚለው ጩኸትም ቀይ መብራትም አይቆምም፣ ታገሱት። አገር ቤት ሲኖ ትራክ ላይ በባር ስታነቡ ለነበራችሁ፣ 8 ባር ማለት 116 ፒኤስአይ ነው። ከ85 ወደ 100 በ45 ሰከንድ ውስጥ መድረስ አለበት፣ ከዛ በላይ ከወሰደ ወይ አየር የሚሞላው ኮምፕረሰር ደክሟል ወይ የሆነ ቦታ ያፈሳል። ወደ 125 ሲደርስ ከስር ድንገት ፍሽሽ ይልባችኋል፣ አትደንግጡ፣ አየሩን የሚያደርቀው ኤር ድራየር ውሃውን እየተፋ ነው። ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን ቀዩን የአየር ቁልፍ ስትጫኑ ደግሞ አየር ወደ ትሬለሩ (ከኋላ ወደሚጎተተው ተሳቢ) ስለሚሄድ ጌጁ ትንሽ ይወርዳል፣ ሞልቶ እስኪመለስ ሳትጠብቁ ቢጫውን፣ ማለትም የፓርኪንግ ፍሬኑን፣ አትልቀቁ።

ትሬለሩም የራሱ ኤቢኤስ አለው፣ ከማርች 1998 ወዲህ የተሰራ ከሆነ መብራቱ በግራ በኩል ወደ ኋላ ስላለ በመስታወት ታዩታላችሁ፣ ጠዋት ጨለማ ላይ ደግሞ በደንብ ይታያል። እሱም ቁልፍ ሲከፈት በርቶ ይጠፋል። ካልበራ ትሬለሩን ከመውቀሳችሁ በፊት ከትራኩ ወደ ትሬለሩ የሚሄደውን የመብራት ገመድ ነቅላችሁ መሃል ያለችውን ፒን እዩ፣ የኤቢኤስ ኃይል በሷ ነው የሚሄደው፣ ሰማያዊ ሽቦ። ብዙ ጊዜ ዝጋ አረንጓዴ ሆና ነው የማገኛት፣ አጽድታችሁ በደንብ ገፍታችሁ ስኩት። በርቶ የማይጠፋ ከሆነ ግን ተራው ፍሬን ስለሚሰራ መቆሙን ትቆማላችሁ፣ ዝናብና በረዶ ላይ ግን ጎማው ሊቆለፍባችሁ ይችላል፣ ረጋ ብላችሁ ነድታችሁ ጋራዥ አስገቡት፣ ብዙ ጊዜ የጎማውን ፍጥነት የሚያነበው ሴንሰር አብሮ ከሚዞረው ጥርሳም ቀለበት ርቆ ነው የምታገኙት።