«እባክዎ በትዕግሥት ይጠብቁ» እየተባለ የሚያልቅ ካርድ፦ ለድርጅት ስንደውል ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጎረቤቴ እዚህ ባሕር ዳር፣ ከጣና ዳር ብዙም ሳትርቅ አሳ እየጠበሰች ትሸጣለች። አንድ ቀን ጠዋት ለአሳ አቅራቢዋ በስልኳ 3,200 ብር ላከች። ከእሷ ሂሳብ ተቀነሰ፤ እሱ ጋ ግን አልገባም። ሰውየው ቆሮሶ የተባለውን አሳ በማዳበሪያ ይዞ በር ላይ ቆሟል። ገንዘቡን ሳያይ አይለቅም። እሷም ወደ ባንኳ የደንበኞች አገልግሎት ደወለች። እጇ በሊጥና በዘይት ስለተያዘ ስልኩን ላውድ ላይ አድርጋ የዘይት ጀሪካኑ ላይ አስደገፈችው።

ሙዚቃ። «እባክዎ በትዕግሥት ይጠብቁ።» እንደገና ሙዚቃ። መጥበሻው ውስጥ ያለው አሳ ተገለበጠ፣ ወጣ፣ ሌላ ገባ። 17 ደቂቃ ካለፈ በኋላ አንዲት ልጅ «ጤና ይስጥልኝ፣ ምን ልርዳዎት?» አለች። ጎረቤቴ አፏን ከመክፈቷ መስመሩ ተቋረጠ። ካርድ አልቋል።

«ወንድምዓለም፣ ይሄ ቁጥር ነፃ አይደል እንዴ?» አለችኝ።

አልነበረም። ያን ቀን የሞላችው ካርድ በሙሉ ያለቀው ሙዚቃ ስትሰማ ነው። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣም። እኔም ስንት ዓመት ስደውል ኖሬ እንዲህ ብዬ አስልቼ አላውቅም ነበር። ይሄ የብዙዎቻችን ችግር ነው። በተለይ እኛ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ዳታ ለብዙ ወራት ሲቋረጥብን፣ መተግበሪያ የሚሠራውን ሁሉ በድምፅ ጥሪ መጨረስ ለምደናል። ዳታው ከተመለሰም በኋላ ብዙዎቻችን ችግር ሲገጥመን እጃችን የሚሄደው ወደ መደወያው ነው። ስለዚህ የማውቃቸውን ስህተቶች አንድ በአንድ ልንገራችሁ።

ስህተት 1፦ አጭር ቁጥር ሁሉ ነፃ ይመስለናል

ባለሦስት አኃዝ ቁጥር ስናይ ነፃ የሚመስለን ያለ ምክንያት አይደለም። ያደግነው እንደ 907 አምቡላንስ፣ እንደ 991 ፖሊስ ያሉ የድንገተኛ ቁጥሮችን እያወቅን ነው። ከዚያ ባንኩም፣ ኢንሹራንሱም፣ እቃ አድራሹም የራሱን ባለሦስትና ባለአራት አኃዝ ቁጥር ማስታወቂያ ላይ በትልቁ ጻፈ። እኛም ሁሉንም አንድ ቋት ውስጥ ከተትናቸው።

የቁጥሩ ማጠር ግን ስለ ዋጋው ምንም አይነግርም። ቁጥሩ የሚያጥረው በቃላችን እንድንይዘው ነው። ሂሳቡን ማን ይከፍላል የሚለው ድርጅቱ ከቴሌኮም አቅራቢው ጋር በተዋዋለው መሠረት ይወሰናል። አንዱ ድርጅት ሙሉውን ራሱ ይከፍላል፤ ያኔ ለእኛ ነፃ ነው። ሌላው ደዋዩን እንደ ተራ ጥሪ ያስከፍላል። ከተራ ጥሪ በላይ የሚያስከፍሉ መስመሮችም አሉ። ሦስቱም በዓይን ሲታዩ አንድ ናቸው።

ታዲያ እንዴት ይታወቃል? ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ዘዴ አለ። የኢትዮ ቴሌኮም ሲም ከሆነ መጀመሪያ *804# ብላችሁ ሂሳባችሁን እዩ፤ ሳንቲሟን ጭምር ወረቀት ላይ ጻፉ። ወደ ድርጅቱ ደውሉ። ማሽኑ አንስቶ «እንኳን ደህና መጡ» ብሎ አማራጮቹን ሲጨርስ ዝጉ። እንደገና *804# በሉ። ሂሳቡ ካልቀነሰ፣ የድምፅ ጥቅል ካላችሁም ደቂቃው ካልቀነሰ፣ ነፃ ነው። ከቀነሰ ደግሞ ምን ያህል ጊዜ እንደቆያችሁና ስንት እንደተቀነሰ ስላያችሁ የደቂቃውን ዋጋ ራሳችሁ ታወጡታላችሁ። ውጤቱን ከቁጥሩ ጎን ስልካችሁ ላይ መዝግቡት። እኔ ስም ሳስገባ «ባንክ፣ ነፃ» ወይም «ባንክ፣ ይቆርጣል» ብዬ ነው።

ሠራተኛዋ ስታነሳም «ይሄ ጥሪ ያስከፍለኛል?» ብላችሁ ጠይቁ። አትፈሩ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ስለምንገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶናል። የጥሪውን ዋጋ መጠየቅም ከዚህ የሚርቅ አይመስለኝም። ማስታወቂያው ላይ ከቁጥሩ ሥር «ጥሪው ያስከፍላል» ብሎ መጻፍ ደግሞ አንድ መስመር ነው የሚፈጀው። ቢጻፍ ስንቱ ደሃ ይተርፍ ነበር።

ስህተት 2፦ «ፓኬጅ ስላለኝ አይነካኝም»

የድምፅ ጥቅል ስንገዛ የሚሸፍነው ምን እንደሆነ የምናነብ ጥቂቶች ነን። በአንድ ኔትወርክ ውስጥ ብቻ የሚሠራ ጥቅል አለ። በ09 የሚጀምር ሲም ይዛችሁ በ07 ወደሚጀምር ቁጥር ስትደውሉ ሊሸፍናችሁም ላይሸፍናችሁም ይችላል። አጭር ቁጥር ደግሞ ከጥቅሉ ውጭ ሆኖ በቀጥታ ከዋናው ሂሳብ ሊቆረጥ ይችላል። ምልክቱ ቀላል ነው፦ የጥቅሉ ደቂቃ እንዳለ ሆኖ ዋናው ሂሳብ ሲጎድል ካያችሁ ጥቅሉ አልሸፈናችሁም።

በመሃል ሲያልቅባችሁ የአየር ሰዓት ተበድሮ መቀጠልም አለ። ብድሩ የአገልግሎት ክፍያ አለው። ተበድሮ ሙዚቃ መስማት ያሳዝናል።

ስህተት 3፦ ሰው እስኪያነሳ አይቆጥርም ብሎ ማሰብ

ይቆጥራል። ስልኩ እየጠራ እያለ አይቆጥርም። ማሽኑ አንስቶ «ለአማርኛ 1ን ይጫኑ» ካለበት ሰከንድ ጀምሮ ግን መስመሩ እንደተነሳ ነው የሚያዘው። ሙዚቃውም፣ ስለ አዲሱ የቁጠባ ሂሳብ የሚነገረው ማስታወቂያም፣ «ሁሉም ሠራተኞቻችን ሌሎች ደንበኞችን እያስተናገዱ ነው» የሚለውም በእናንተ ካርድ ነው። ድርጅቱ ሠራተኛ ባነሰው ቁጥር እኛ ብዙ እንከፍላለን። ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

በእጃችን ያለውን እናድርግ። የምትጫኗቸውን ቁጥሮች በቅደም ተከተል ጻፏቸው፤ ለምሳሌ 1፣ ከዚያ 3፣ ከዚያ 0። በብዙ መስመሮች ማሽኑ ተናግሮ ሳይጨርስ መጫን ይቻላል። በእኔ ልምድ ሰኞ ጠዋትና የደመወዝ ሰሞን መስመሩ አይቀመስም፤ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ከሰዓት ይሻላል። ከመደወላችሁ በፊትም ስንት ደቂቃ እንደምትጠብቁ ወስኑ። እኔ 5 ደቂቃ ነው የምሰጠው። ካለፈ ዘግቼ ሌላ ሰዓት እሞክራለሁ።

ስህተት 4፦ ባዶ እጅ መደወል

እዚህ ላይ ረጋ ብዬ ላውራ፤ ብዙ ደቂቃ የሚባክነው ሰው ካነሳ በኋላ ነውና።

ሠራተኛዋ «የዝውውሩን ቁጥር ይንገሩኝ» ትላለች። «ቆይ፣ መልዕክቱ ውስጥ ነው» እንላለን። ስልኩ ጆሯችን ላይ ነው፤ መልዕክቱም እዚያው ስልክ ውስጥ ነው። ስንፈልግ መስመሩ ይቋረጣል። ወይም «እስክሪብቶ አምጣ!» እያልን ልጁን እንጠራለን። ይሄ ሁሉ በደቂቃ ይታሰባል።

ከመደወላችሁ በፊት ወረቀት ላይ ይጻፍ፦ ሂሳቡ የተከፈተበት ሙሉ ስም፣ የሂሳብ ቁጥሩ፣ የተላከው መጠን፣ የተቀባዩ ስልክ ወይም ሂሳብ፣ እና የዝውውር ቁጥሩ። የዝውውር ቁጥሩ በተለያዩ ባንኮቻችን ዘንድ «ኤፍቲ» በሚሉ ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደላት ይጀምራል። ረጅም ስለሆነ በአራት በአራት ከፍላችሁ ጻፉት።

ሰዓቱና ቀኑ ላይ ደግሞ ተጠንቀቁ። እኛ «ጠዋት 3 ሰዓት ከ40» እንላለን። መልዕክቱ ላይ ግን 9:40 ነው የሚለው። እኛ «ማታ 2 ሰዓት» ስንል ሲስተሙ 20:00 ብሎ ነው የያዘው። ቀኑም እንደዚያው፤ መልዕክቱ የሚመጣው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። ጎረቤቴ በሌላ ቀን ደውላ «በ12 ነው የላክሁት» አለች፤ ልጅቷ በፈረንጅ 12 ፈልጋ «እዚህ ምንም የለም» አለቻት። ስንት ደቂቃ ከሄደ በኋላ ነው የተግባቡት። ስለዚህ መልዕክቱ ላይ ያለውን ቀንና ሰዓት እንዳለ ገልብጡት፤ ስትናገሩም «በፈረንጅ» በሉ።

ስህተት 5፦ የቅሬታ ቁጥር ሳይዙ መዝጋት

«አስተላልፈንልዎታል፣ በ24 ሰዓት ይስተካከላል» ስንባል ደስ ብሎን እንዘጋለን። ካልተስተካከለ ታሪኩን ለሌላ ሰው ከሀ ጀምረን እንነግራለን፤ በአዲስ ካርድ። የቅሬታ ቁጥሩን፣ ያናገራችሁን ሰው ስምና ሰዓቱን ጻፉ። «እባክሽ እህቴ፣ መልሳችሁ ደውሉልኝ» ማለትም ይቻላል። ሁሉም እሺ አይሉም፤ የሚሉ ግን አሉ።

ስህተት 6፦ ከጀልባ ላይ መደወል

ከዘጌ ወይም ከደቅ ስትመለሱ ጊዜ ስላላችሁ ለመደወል ይመቻል። ነገር ግን ሐይቁ መሃል ላይ ኔትወርኩ እየመጣ ይሄዳል። በተቋረጠ ቁጥር ወረፋው ከመጀመሪያው ይጀምራል። ባሕር ዳር እስክትደርሱ ጠብቁ።

ስህተት 7፦ ቁጥሩን ከፌስቡክ ወይም ከቴሌግራም ላይ ማንሳት

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይሄ ነው፤ ካርድ ብቻ ሳይሆን ቤት ያፈርሳል።

ሰው ተቸግሮ አንድ ባንክ ገጽ ላይ «ገንዘቤ ተቆርጦ አልገባም» ብሎ ይጽፋል። ወዲያው የባንኩን አርማ የለጠፈ ሌላ ገጽ «ውድ ደንበኛችን፣ በዚህ ቁጥር ይደውሉ» ይለዋል። ቁጥሩ በ09 ወይም በ07 የሚጀምር ተራ ስልክ ነው። ሲደውል ወዲያው ይነሳል፤ ሙዚቃ የለም፣ ወረፋ የለም። የሚያናግረው ሰው ትሑት ነው። ስሙን ይጠይቃል፣ ያረጋጋዋል። ከዚያ «አሁን አንድ ኮድ ይደርስዎታል፣ ያንብቡልኝ» ይላል። ያ ኮድ የሂሳቡ ቁልፍ ነው።

የሚስጥር ቁጥራችሁንና በመልዕክት የሚመጣውን ኮድ ለማንም አትስጡ። እውነተኛ ሠራተኛ አይጠይቃችሁም። የድርጅቱን ቁጥር ከደብተራችሁ ጀርባ፣ ከኤቲኤም ካርዳችሁ ወይም ከቅርንጫፉ መስታወት ላይ አንሱ። የንግድ ባንክ 951 ነው፤ የኢትዮ ቴሌኮም 994 ነው። የቴሌብር መልዕክት የሚመጣው ከ127 ነው። «ገንዘብ በስህተት ልኬልዎታለሁ» የሚል መልዕክት ከተራ የሞባይል ቁጥር ከመጣ አትመኑ፤ ሂሳባችሁን ራሳችሁ ከፍታችሁ እዩ።

እናት አባት ካላችሁ፣ ይሄን ቡና ሲጠጡ አጠገባቸው ቁጭ ብላችሁ ደጋግማችሁ ንገሯቸው። አንድ ጊዜ አይበቃም።

ስህተት 8፦ የማያውቁትን የውጭ ቁጥር መልሶ መደወል

አንዴ ጠርቶ የሚዘጋ፣ በ+ የሚጀምርና የ251 ያልሆነ ቁጥር ካያችሁ ውጭ ዘመድ ከሌላችሁ ተዉት። መልሳችሁ ስትደውሉ በዓለም አቀፍ ታሪፍ ነው የምትከፍሉት፤ የሚፈልጉትም እንድትቆዩላቸው ነው። በየቀኑ ሁለት ሦስት ብር የሚቆርጥ የመልዕክት አገልግሎትም እንዲሁ ቀስ ብሎ ያደርቃል። ለማቆም ብዙ ጊዜ «ስቶፕ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ለዚያው አጭር ቁጥር መላክ ይበቃል፤ ለማማረር ደውሎ ሌላ ካርድ መጨረስ አያስፈልግም።

ስህተት 9፦ ውጭ ያለ ልጅ በአጭሩ ቁጥር እንዲደውል መንገር

ብዙ እናቶች «አንተ ደውልልኝ» ብለው አጭሩን ቁጥር ለንደን ላለ ልጃቸው ይልካሉ። አጭር ቁጥር ግን አብዛኛውን ጊዜ ከውጭ አይገባም። የቅርንጫፉን መደበኛ ስልክ ስጡት፤ የባሕር ዳር ከሆነ +251 58 ብሎ ይጀምራል።

እግረ መንገዴን፣ እነሱ ጋ ነገሩ እንዴት እንደሆነ ማወቅ ይጠቅማል። እንግሊዝ ውስጥ በ0800 የሚጀምር ቁጥር ከሞባይልም ነፃ የሆነው እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2015 ጀምሮ ነው። በ084 እና በ087 የሚጀምሩት ግን ተጨማሪ የአገልግሎት ክፍያ አላቸው፤ ቁጥሩን አይቶ መለየት ይቻላል። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው የሸማቾች መብት መመሪያ፣ ነጋዴ ውል ለገባለት ደንበኛ በሚያቀርበው ስልክ ከመደበኛው ታሪፍ በላይ እንዳያስከፍል ደንግጓል። እኛም አገር የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 ወጥቶ ዘርፉን የሚቆጣጠር ባለሥልጣን ተቋቁሟል። ቁጥሩን አይተን ዋጋውን የምናውቅበት ሥርዓት ለእኛም ይገባናል።

ስህተት 10፦ ቅርንጫፉ አጠገብ እያለ መደወል

ባሕር ዳር ሰፊ አይደለችም። ከፖሊም ይሁን ከፔዳ ተነስቶ መሃል ከተማ ለመድረስ ባጃጅ ይበቃል። ጎረቤቴ ሁለተኛ ካርድ ልትሞላ ስትል «እታለም፣ ተይው፣ ሄደሽ ጨርሽ» አልኳት። አሳውን ለልጇ ትታ፣ የዝውውር ቁጥሩን በወረቀት ይዛ ጊዮርጊስ አካባቢ ወዳለው ቅርንጫፍ በባጃጅ ሄደች። ስትመለስ አቅራቢው ጋ ገንዘቡ ገብቶ ነበር። የባጃጁን ደርሶ መልስና ያለቀውን ካርድ አብረን አሰላነው። ባጃጁ ረከሰ።

አሁን ከምድጃዋ በላይ ግድግዳው ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፏል። ዘይት ጠብ ጠብ ብሎበታል። በ058 የሚጀምረው የቅርንጫፉ ስልክ አለ፤ ከሥሩ በአጭሩ ቁጥር ስትደውል የምትጫናቸው «1፣ 3፣ 0»፤ ከዚያ «5 ደቂቃ ብቻ» ይላል። ችግር ሲገጥማት መጀመሪያ የምታየው እሱን ነው።