የዋሽንግተን ዊዛርድስን የተጫዋቾች ታሪክ ሲጽፉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ዋሽንግተን ዊዛርድስ በአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ በኤንቢኤ (NBA) የሚጫወት ቡድን ነው፤ በታሪኩ ላይ ከሁሉም የከፋው ስህተት ሁለቱን ባልቲሞር ቡሌትስ አንድ ቡድን አድርጎ መቁጠር ነው። የፊተኛው በ1948 (በእኛ አቆጣጠር ካልተባለ በቀር እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ሻምፒዮን ሆኖ በ1954 ፈርሷል። የዛሬው ዊዛርድስ ግን በ1961 ቺካጎ ውስጥ ፓከርስ ተብሎ ተመሠረተ፤ በዓመቱ ዘፊርስ ሆነ። በ1963 ባልቲሞር ሲገባ የፈረሰውን ክለብ ስም ያዘ እንጂ ተጫዋቾቹንም ዋንጫውንም አልወረሰም። ስሙ በ1973 ካፒታል ቡሌትስ፣ በ1974 ዋሽንግተን ቡሌትስ፣ በ1997 ዊዛርድስ ሆነ። ስለዚህ የ1948ቱ ዋንጫ የዚህ ቡድን አይደለም። የቺካጎው ዋልት ቤላሚ ግን የዚሁ ቡድን ልጅ ነው፤ በ1961 ድራፍት (ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ በሚመርጡበት ሥነ ሥርዓት) 1ኛ ተመርጦ በመጀመሪያ የውድድር ዘመኑ በአንድ ጨዋታ በአማካይ 31.6 ነጥብ ያስቆጠረውን ሰው ከዝርዝሩ መጣል ትልቅ በደል ነው።

በአማርኛ ስንጽፍ ደግሞ የራሳችን ወጥመድ አለ። በፈረንጆቹ አቆጣጠር 1977-78 የሚባለው የውድድር ዘመን በእኛ አንድ ዓመት ውስጥ ያልቃል። ጥቅምት ላይ ተጀምሮ፣ ቡሌትስ ሲያትልን 4 ለ 3 አሸንፎ ብቸኛ ዋንጫውን ያነሳው በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 30 ቀን 1970 ነው። ከመጀመሪያው ቁጥር 7፣ ከሁለተኛው 8 ይቀንሱ፤ ሁለቱም 1970 ይሰጣሉ። ከ1977 ላይ 8 የቀነሰ ሰው ግን ዋንጫውን ወደ 1969 ይወስደዋል። ሁለቱን አቆጣጠሮች በአንድ ሠንጠረዥ አይቀላቅሉ።

በድራፍት ምሽት የተጠራ ሁሉ ለጠራው ቡድን ተጫወተ ማለት አይደለም። በ2004 ዋሽንግተን ዴቪን ሃሪስን 5ኛ አድርጎ መረጠ፤ ግን እሱን የማስፈረም መብት ከተጫዋቾቹ ከጄሪ ስታክሃውስና ከክርስቲያን ሌትነር ጋር ለዳላስ ተሰጥቶ በምትኩ አንትዋን ጄሚሰን መጣ። በ2023ም ቢላል ኩሊባሊን የጠራው ኢንዲያና ነበር፤ የተጫወተው ግን ለዋሽንግተን። በዝርዝሩ ላይ የመረጠው ቡድን አንድ አምድ፣ የተጫወተበት ሌላ አምድ ይኑረው።

በውድድር ዘመን መሀል በልውውጥ ወደ ሌላ ቡድን የሄደ ተጫዋች በሁለቱም ቡድኖች ዝርዝር መግባት አለበት። ኧርል ሞንሮ በ1971-72 ለባልቲሞር 3፣ ለኒው ዮርክ ኒክስ 60 ጨዋታ አድርጓል። ከስሙ ጎን የጨዋታውን ብዛት ካልጻፉ፣ አንባቢ ዓመቱን ሙሉ ባልቲሞር የቆየ ይመስለዋል።

የዕድሜ ልክ ነጥብን ለአንድ ቡድን መስጠትም የተለመደ ነው። ኤልቪን ሄይስ በጠቅላላው 27,313 ነጥብ አለው፤ ለቡሌትስ ያስቆጠረው 15,551 ነው። በ1968 ድራፍት 1ኛ የመረጠውም ሳንዲያጎ ነበር። ባልቲሞር በ2ኛነት ዌስ አንሰልድን ወሰደ፤ ሄይስ የመጣው በ1972 በጃክ ማሪን ልውውጥ ነው። ማይክል ጆርዳንም እንዲሁ፦ ከ32,292 ነጥቡ ለዋሽንግተን የሆነው 3,015 ብቻ ነው፣ በ142 ጨዋታዎች።

በዚሁ ሳቢያ የጆርዳን 23 ቁጥር ማሊያ በዋሽንግተን የተሰቀለ፣ ማለትም ሌላ ተጫዋች እንዳይለብሰው ለክብር የተቀመጠ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ቡድኑ ለክብር የሰቀላቸው 10፣ 11፣ 25፣ 41 እና 45 ናቸው፤ የሞንሮ፣ የሄይስ፣ የገስ ጆንሰን፣ የአንሰልድና የፊል ቼኒየር። ሞንሮ ከቡድኑ በወጣ በ36 ዓመቱ፣ በ2007 ነው 10 ቁጥሩ የተሰቀለለት።