የእንግሊዝኛውን ቃል «ሪላክታንት»ን በቦታው እንዴት እንጠቀምበታለን?

ማምሻውን ከአራት ኪሎ ወደ ሜክሲኮ ተሳፋሪ ተሰልፏል። የሚኒባሱ ሾፌር «ለገሃር መንገዱ ተዘጋግቷል» እያለ ያንገራግራል፤ ሲለምኑት ግን «በሉ ግቡ» ይላል። ይህ ሰው ሪላክታንት ነው። «አልሄድም» ብሎ በሩን ቢዘጋ ኖሮ የሚስማማው «አንዊሊንግ» ነበር። ስለዚህ ቃሉን ከመምረጥዎ በፊት «በመጨረሻ እሺ ሊል ይችላል?» ብለው ይጠይቁ።

ሥሩ የላቲኑ «ሬሉክታሪ» ነው፤ መታገል፣ መጋፋት ማለት። ለዚህም ከ«ማመንታት» ይልቅ «ማንገራገር» ይቀርበዋል። የሚያመነታ ሰው ልቡ ሁለት ሆኖበታል፤ እሱ «ሄዚታንት» ነው። ሪላክታንቱ ግን የማይፈልገውን ያውቃል። ከመግደርደርም ይለዩት። ጉርሻ እየፈለገ «በቃኝ፣ በሞቴ» የሚል እንግዳ ይግደረደራል እንጂ ሪላክታንት አይደለም (ለመግደርደር እንግሊዝኛ አንድ ቃል ቢፈልጉለት ይደክማሉ)።

አሁን ዓረፍተ ነገሩን ይሥሩ። ቅደም ተከተሉ ባለቤት፣ «አም» ወይም «ኢዝ» ወይም «አር»፣ ሪላክታንት፣ «ቱ»፣ ከዚያ ምንም ያልተቀጠለበት ግስ ነው፦ «አይ አም ሪላክታንት ቱ ጎ»። ብዙ ሰው «አም»ን ይውጣትና «አይ ሪላክታንት ቱ ጎ» ይላል። አማርኛችን «አንገራገርኩ» ብሎ ሁሉን በአንድ ግስ ስለሚጨርስ ነው፤ ሪላክታንት ግን ቅጽል ስለሆነ ብቻውን የግስን ቦታ አይይዝም። «ቱ ጎይንግ»ም ስህተት ነው። «አይኤንጂ» የሚያስከትለው ሌላው ዘመዱ «አቨርስ ቱ» ነው።

ድርጊቱን መግለጽ ሲፈልጉ «ሪላክታንትሊ» ይበሉ። «ሺ ሪላክታንትሊ አግሪድ» ሲተረጎም «ሳትወድ በግዷ ተስማማች» ይሆናል። ስሙ «ሪላክታንስ» ነው።

ሲያነቡ «ላክ» ላይ ጫን ይበሉ። ሲጽፉ ግን ድምፁ አያታልልዎ፤ ከ«ዩ» ቀጥሎ የሚመጣው «ኬ» ሳይሆን «ሲ» ነው።

በወሬ መሃል «አይ ዶንት ሪሊ ዎንት ቱ» ይቀላል። ሪላክታንት የሚያምርበት የሥራ ደብዳቤ ላይ ነው። ዋጋ እንዲቀንስ ለተጠየቀ ነጋዴ «ዊ አር ሪላክታንት ቱ ሎወር ዘ ፕራይስ» በሩን ገርበብ አድርጎ ይተዋል፤ ደንበኛውም ትንሽ ቢገፋ እንደሚቀነስለት ይገባዋል። መቀነስ ካልፈለጉ ይህን ዓረፍተ ነገር አይላኩ።