ኬሚስትሪ ጥያቄ አብራችሁ ስትሰሩ እንዲህ አድርጉ

በግሩፕ ሆናችሁ ለኬሚስትሪ ፈተና የምትዘጋጁ ልጆች ይሄ ለእናንተ ነው። ብዙ ጊዜ የማየው አንዱ የጥያቄውን ፎቶ ይልካል፣ ሌላው «ሲ ነው» ይለዋል፣ «እሺ አመሰግናለሁ» ተባብለው በቃ አለቀ። የጠየቀው ልጅ ፊደሏን ይዞ ሄደ እንጂ ምንም አልተማረም፣ ፈተና ላይ ቁጥሯን ቀይረው ሲያመጡበት እዛው ቆሞ ይቀራል።

መጀመሪያ ጠያቂው ለብቻው ይሞክረው፣ አስር ደቂቃም ቢሆን፣ እና ጥያቄውን ሲልክ የሞከረበትንም ወረቀት አብሮ ይላክ። ባዶውን ጥያቄ ብቻ ከላከ የሚረዳው ሰው የት ጋር እንደጠፋበት በምን ያውቃል? ሞል (የንጥረ ነገር ብዛት መለኪያዋን) ማውጣቱን አንድ ሰዓት ያስረዳዋል፣ ልጁ ግን የከበደው ኢኩዌሽኑን ባላንስ ማድረጉ ነበር።

የምትረዱት ልጆች ደግሞ እስክሪብቶውን አትቀሙት። መልሱን እያወቁ ዝም ማለት እንደሚከብድ አውቃለሁ ግን «ምን ተሰጠን? ምን ተጠየቅን? ዩኒቱስ ምንድነው?» እያላችሁ እሱ ይስራው፣ ሲሳሳትም ቶሎ አታርሙት፣ «እዚህ ጋር ለምን በ2 አካፈልከው?» በሉት፣ ብዙ ጊዜ ሲያስረዳችሁ ራሱ ያገኘዋል።

አሁን በጣም የምወደውን ነገር ልንገራችሁ። ቾይስ ያለው ጥያቄ ስትሰሩ ትክክለኛውን አግኝታችሁ አትለፉ፣ የተሳሳቱት ቾይሶች ከየት እንደመጡ ፈልጉ። ለምሳሌ 4 ግራም ሃይድሮጅን ከ16 ግራም ኦክስጅን ጋር ቢቃጠል ስንት ግራም ውሃ ይወጣል ይላችኋል፣ ቾይሶቹ 36፣ 20፣ 18 እና 9 ናቸው እንበል። ባላንስ ሲደረግ 2 ሞል ሃይድሮጅን ከ1 ሞል ኦክስጅን ጋር 2 ሞል ውሃ ይሰጣል። አንድ ሞል ሃይድሮጅን 2 ግራም፣ አንድ ሞል ኦክስጅን 32 ግራም ስለሆነ 4 ግራሙ ሃይድሮጅን ለ2 ሲካፈል 2 ሞል ነው፣ 16 ግራሙ ኦክስጅን ለ32 ሲካፈል ግማሽ ሞል። ግማሽ ሞል ኦክስጅን የሚፈልገው 1 ሞል ሃይድሮጅን ብቻ ነው ስለዚህ ቀድሞ የሚያልቀው፣ ማለትም ሊሚቲንግ ሪአክታንቱ፣ ኦክስጅን ነው፣ የሚወጣው 1 ሞል ውሃ፣ 18 ግራም። እሺ 36ስ? ሃይድሮጅኑ ቀድሞ ያልቃል ብሎ የሰራ ልጅ የሚያገኛት ናት። 9 ግማሽ ሞል ውሃ ነው፣ የ2 ለ1ዱን ሬሾ የረሳ። 20 ደግሞ ዝም ብሎ 4 እና 16 ደምሮ ነው። በነገራችን ላይ 20ዋ ጠቃሚ ነች፣ 18 ግራም ውሃ ወጣ፣ ያልተቃጠለ 2 ግራም ሃይድሮጅን ተረፈ፣ ሲደመር 20 ይመጣል፣ የገባው ሁሉ ወጣ ማለት ነው፣ መልሳችሁን በዚህ ቼክ አድርጉ። ከአራታችሁ ሶስታችሁ የተለያየ የተሳሳተ መልስ ካመጣችሁ ደግሞ ደስ ይበላችሁ፣ ሶስት ስህተት በአንድ ጥያቄ ተማራችሁ።

ሁላችሁም አንድ መልስ ስላመጣችሁ ብቻ ግን እንዳትተማመኑ። 10 ፓወር ኔጌቲቭ 8 ሞላር የሆነ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ፒኤቹ ስንት ነው ሲባል ግሩፑ በሙሉ 8 ይላል፣ ካልኩሌተሩም 8 ይላል። ፒኤች ከ7 በታች አሲድ፣ ከ7 በላይ ቤዝ ነው፣ ታዲያ አሲድ ውሃ ውስጥ ጨምረን እንዴት ቤዝ ይሆናል? ውሃው ራሱ የሚሰጠው ሃይድሮጅን አዮን፣ ወደ 10 ፓወር ኔጌቲቭ 7 ገደማ፣ ተረስቶ ነው፣ ሲታሰብ 6.98 አካባቢ ይመጣል። ስለዚህ ከግሩፑ አንድ ሰው ሁልጊዜ «ይሄ መልስ ስሜት ይሰጣል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ይሁን፣ በየተራ ተቀያየሩ። ጋዝ ላይም እንደዛው ነው፣ ፕረሸሩ ሳይቀየር ከ27 ዲግሪ ሴልሺየስ ወደ 54 ስለሄደ ቮልዩሙ እጥፍ ሆነ የሚል አይጠፋም፣ ቮልዩሙ የሚከተለው ግን የኬልቪኑን ቴምፕሬቸር ነው፣ በኬልቪን ደግሞ ከ300 ወደ 327 ብቻ ነው የሄደው።

የአዮኖች ስምና ቻርጅ ምናምን መሸምደድ ነው፣ እየተጠያየቃችሁ ጨርሱት፣ የግሩፕ ሰዓት አታባክኑበት።

በማግስቱ ደግሞ የጠየቃችሁን ልጅ ቁጥር ቀይራችሁ ጠይቁት፣ 2 ግራም ሃይድሮጅን ከ32 ግራም ኦክስጅን ጋር በሉት። ውሃው አሁንም 18 ግራም ነው፣ ስለዚህ «18» ብሎ ሲመልስ አትለፉት ምክንያቱም የትናንቱን አስታውሶ ሊሆን ይችላል፣ ምን ተረፈ በሉት፣ «16 ግራም ኦክስጅን» ብሎ ከመለሰላችሁ ገብቶታል።