የእናታችሁን ሳጥን ከመክፈታችሁ በፊት ቡና አፍሉ

እማዬ ካረፈች በኋላ ሳጥኗን ለመክፈት ስምንት ወር ፈጀብኝ። የቆርቆሮ ሳጥን ነው። ድሮ አረንጓዴ ነበር፤ ክዳኑ ውስጥ ጋዜጣ ተለጥፎበታል። ቁልፉ ከጠፋ ስለቆየ በሽቦ ነበር የምታስረው። ኮንዶሚኒየም ስንገባ ቦታ ጠፋና በረንዳ ላይ አስቀመጥነው። ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው ደንግጬ ያስገባሁት።

ከፈትኩና በጽዳት ጀመርኩ። ስህተቴ እዚህ ላይ ነው። የክት ቀሚሷን በሙቅ ውሃና በዱቄት ሳሙና ነከርኩት። የአንገቱ ቀይ ጥበብ ቀለሙን ለቀቀና ነጩን ሮዝ አደረገው። የሚቆጨኝ ግን ቀለሙ አይደለም። ቀሚሱ የእማዬ ዕጣን ዕጣን ይሸት ነበር። አሁን ሳሙና ሳሙና ይሸታል።

እናንተ እንዲህ አታድርጉ። መጀመሪያ ፎቶ፣ ቀጥሎ ወሬ፣ ጽዳት መጨረሻ።

ፎቶው ቀላል ነው። ዕቃውን ከማውጣታችሁ በፊት ሳጥኑን እንደተከፈተ አንሱት። ምን ከምን ጋር እንደተቀመጠ ራሱ ወሬ ነው። የእማዬ ጠገራ ብር በመሀረብ ተጠቅልላ ከዕድር ደብተሯ ውስጥ ነበረች። ለምን እዚያ? ለክፉ ቀን ያስቀመጠቻት ይመስለኛል። ለየብቻ አውጥቼ ደርድሬ ቢሆን ኖሮ ይህን አላስብም ነበር።

ወሬው ጊዜ ይፈልጋል። በዕድሜ የገፋ ዘመድ ካላችሁ ዛሬውኑ ደውሉ። እኔ የእማዬን ታላቅ እህት ጠራኋቸው። «እትዬ፣ የእማዬን ዕቃ እያየሁ ነው፣ ቡና ላፍላልዎት» አልኳቸው። «ታሪኩን ይንገሩኝ» ብል ኖሮ «ምን ታሪክ አለው ልጄ፣ ዕቃ ነው» ብለው ይዘጉኝ ነበር። ታሪክ አትጠይቁ። ዕቃውን እጃቸው ላይ አስቀምጡና ትንሽ ጥያቄ ጠይቁ። ከየት ተገዛ? ማን ሰጣት? ይሄ ጫፉ ምን ሆኖ ተሰበረ? በአቦል ዝም ይላሉ። በቶና ዕቃውን ያገላብጣሉ። ወሬው የሚመጣው በበረካ ነው።

ስልካችሁን አስፈቅዳችሁ ቅጂ ላይ አድርጉና ረከቦቱ አጠገብ አስቀምጡት። ከዚያ እርሱት። ደግሞ አታርሙ። ዓመተ ምህረት ቢሳሳቱም ዝም በሉ፤ አንዴ ካረማችኋቸው መጠንቀቅ ይጀምራሉ፣ ወሬውም ይደርቃል።

ከአሥራ ሁለቱ ሲኒዎች የቀሩት አምስት ናቸው። አንዱ ጠርዙ ላይ የነበረው ወርቃማ መስመር ጠፍቷል። እትዬ እሱን አንስተው «አባትሽ ሽማግሌ የላከ ቀን ትልቁ ሽማግሌ የጠጣበት ነው» አሉ። ታናሽ እህታቸው ከጎን ሆና «ኧረ እትዬ! ይሄ የተገዛው ከሠርጉ በኋላ ነው። ከመርካቶ ተሸክሜ ያመጣሁት እኔ ነኝ» አለች። ተሟገቱ። ቡናው ቀዘቀዘ። ማን ትክክል እንደሆነ ለመፍረድ አልሞከርኩም። ወረቀቱ ላይ ሁለቱንም ጻፍኩ፤ ማን እንዳለው ጨምሬ።

ወረቀት ያልኩት ቁራጭ ካርቶን ነው። ቀዳዳ አበጅቼ በነጭ የጥጥ ክር ከዕቃው ጋር አስሬዋለሁ። በእርሳስ ጻፉ። እስክሪብቶ እርጥበት ሲነካው ይፈስሳል። የጎማ ላስቲክ ደግሞ የብር ጌጥ ላይ በፍጹም አትጠቀሙ። ላስቲክ ውስጥ ድኝ አለ፤ ድኝ ብርን ያጠቁራል። የእማዬን የአንገት መስቀል በላስቲክ አስሬ ሁለት ወር ባስቀምጠው መሀሉ ላይ ጥቁር መስመር አወጣ።

ብር ከተነሳ፣ የጠቆረ ብር የታመመ አይደለም። በለስላሳ የጥጥ ጨርቅ ቀስ ብላችሁ አሹት፣ ይበቃል። በጥርስ ሳሙና የሚያሹ ሰዎች አሉ። ያብለጨልጫል፣ አዎ፤ ግን እየፋቀ ነው። የቅርጹ ስርጉድ ውስጥ ያለውን ጥቁር ተዉት። ቅርጹ የሚታየው በሱ ነው።

ጠገራ ብር ያላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ላዩ ላይ 1780 የሚል አያችሁና «የሁለት መቶ ምናምን ዓመት ዕቃ ነው» ብላችሁ አትደሰቱ። መልኳ ላዩ ላይ ያለው የኦስትሪያዋ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ የሞተችበት ዓመት ነው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። ከዚያ በኋላ የተመቱት ሁሉ፣ ገና ትናንት የተመቱትም ጭምር፣ ያንኑ ዓመት ነው የያዙት። እውነተኛዋ 28 ግራም ያህል ትመዝናለች፤ ከሺህ 833ቱ እጅ ንጹህ ብር ነው። አንጥረኛ ጋ ወስዳችሁ ማስመዘን ትችላላችሁ። ግን ሚዛኑ የሚነግራችሁ ብር መሆኗን እንጂ ዕድሜዋን አይደለም። ዕድሜዋን የሚያውቁት እትዬ ናቸው። ደግሞ ድሮ ብዙ ጠገራ ብር ቀልጦ መስቀልና ድሪ ሆኗል፤ እና የአያታችሁ መስቀል አንድ ጊዜ ገበያ የወጣ ገንዘብ ሊሆን ይችላል።

ወደ ልብሱ እንመለስ፣ በሱ የተቃጠልኩ ስለሆንኩ። ጥበቡ ቀለም ይለቅ እንደሆነ ለማወቅ ነጭ ጨርቅ በቀዝቃዛ ውሃ አርጥባችሁ የማይታይ ቦታ ላይ ጫን አድርጉ። ጨርቁ ላይ ቀለም ከታየ አትጠቡት። ጥላ ውስጥ አናፍሱት፣ አራግፉት፣ አለቀ። ካልለቀቀ በቀዝቃዛ ውሃና በትንሽ ለስላሳ ሳሙና፣ ሳትጨምቁ። እናቶቻችን በእንዶድ ነበር የሚያጥቡት። በነገራችን ላይ ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ውስጥ እንዶድ የቢልሃርዝያ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል ያስተዋሉት ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዳር ነው።

ማስቀመጫው አቡጀዲ ይሁን። ፌስታል እርጥበት ያፍናል፣ ልብሱ ይሻግታል። ናፍታሊን ለብል ይሠራል፣ ግን ልብሱ ላይ በቀጥታ አታድርጉት፣ ልጅ ባለበት ቤት ደግሞ ባይገባ ይሻላል፤ ከረሜላ ይመስላል። እጥፋቱን በየጊዜው ቀይሩ፤ ጥጥ ሁሌ በአንድ መስመር ከታጠፈ እዚያው ላይ ይበጠሳል። እኔ ለበዓል በበዓል አወጣዋለሁ። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይባል የለ። ሮዝ የሆነውን ቀሚስ ዘንድሮ ለጥምቀት ለበስኩት። ከሩቅ አይታወቅም።

መሶብ በደረቅ ብሩሽ ይጠረጋል፤ ውሃ ውስጥ አይነከርም፣ ፀሐይም ቀለሙን ያደበዝዘዋል። ስለሱ ይሄው ነው።

ፎቶግራፍ ላይ ግን ቆም በሉ። መስታወት ላይ የተጣበቀ ፎቶ አትላጡ፣ ከነመስታወቱ በስልክ አንሱት። መስኮት አጠገብ፣ ያለ ፍላሽ፣ ስልኩን ቀጥ አድርጋችሁ። ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍም አንሱ። «1958» ብቻ ተጽፎ ካገኛችሁ ዓ.ም. ነው ወይስ እ.ኤ.አ. ብላችሁ ጠይቁ፤ በመሀላቸው የሰባት ስምንት ዓመት ልዩነት አለ። በዚህ ምክንያት እኛ ቤት እማዬ ለጥቂት ጊዜ ሳትወለድ ፎቶ የተነሳች ሆና ነበር። ለዘመድ በቴሌግራም ስትልኩ ደግሞ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፣ አለበለዚያ ጥራቱን ይቀንሰዋል።

ሜሪላንድ ያለው ወንድሜ የአያታችንን የብራና ዳዊት ፈለገ። ሻንጣ ውስጥ ጣል አድርጎ መሄድ አይቻልም። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም፤ የምትጠይቁት የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣንን ነው። ተኮራረፍን። በመጨረሻ ገጽ በገጽ አንስቼ ላክሁለት፣ አያታችን በጣታቸው ያወየቡትን የገጽ ጥግ ጭምር። መጽሐፉ እዚሁ ቀረ። እሱ ሁለት ሲኒ ወሰደ፤ ያንን አወዛጋቢውን ግን አልሰጠሁትም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ እትዬ ማለዳ ደወሉ። ገና አልነጋም፤ ሰው የሞተ መስሎኝ ዘልዬ ተነሳሁ። «ያ ሲኒ» አሉኝ፣ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጡ፣ «የሽማግሌው ሲኒ ሰማያዊ አበባ ነበረበት፤ ያኔውኑ ተሰብሯል። ይሄኛው ያንቺ ክርስትና ላይ ቄሱ የጠጡበት ነው።»

ተነስቼ እርሳስ ፈለግኩ። ካርቶኗ ሞልታ ስለነበር ሦስተኛውን ጀርባዋ ላይ ጻፍኩት።