ሰርተፍኬት የሌለው ተቀጥላ ክፍል፦ እንግሊዝ ውስጥ ቤት ሲገዛ የተፈታ ችግር

ከጓሮ በኩል የተቀጠለው ማድ ቤት የሕንፃ ቁጥጥር ማጠናቀቂያ ሰርተፍኬት አልነበረውም። የሻጩ ሶሊሲተር (የቤት ሽያጩን ሕጋዊ ጉዳይ የሚያስፈጽም ጠበቃ) ያቀረበው መፍትሔ ኢንደምኒቲ ኢንሹራንስ ብቻ ነበር።

እዚህ ላይ ብዙ ገዢ ይሳሳታል። ኢንሹራንሱ የሚሸፍነው ካውንስሉ (የአካባቢው አስተዳደር) ሰርተፍኬት ባለመኖሩ እርምጃ ቢወስድ የሚመጣውን ወጪ ነው፤ ግንባታው ራሱ ደካማ ሆኖ ቢገኝ አይከፍልም። ደግሞም አስቀድሞ ለካውንስሉ ከተደወለ ኢንሹራንሱን ማግኘት አይቻልም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ስልክ ከማንሳት በፊት የስትራክቸር መሐንዲስ ይላክ።

መሐንዲሱ ጣሪያውን በትንሹ ከፍቶ ሲያይ፣ በፈረሰው ግድግዳ ቦታ የገባው ብረት ጫፉ ያረፈው ያለ ኮንክሪት መደገፊያ፣ በቀጥታ ጡብ ላይ ነው። ይህን ኢንሹራንስ አያድነውም። ሻጩ ብረቱን አስተካክሎ ለካውንስሉ የሬጉላራይዜሽን ማመልከቻ፣ ማለትም ያለ ቁጥጥር ለተሠራ ሥራ ዘግይቶ ሰርተፍኬት የሚጠየቅበትን፣ አስገባ (ከኅዳር 11 ቀን 1985 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለተሠራ ሥራ ይፈቀዳል)። ሻጭና ገዢ ውል የተለዋወጡት (ሽያጩ ሁለቱንም የሚያስገድደው ከዚህ ወዲያ ነው) ሰርተፍኬቱ ከወጣ በኋላ ነው፤ ከልውውጥ በኋላ የሚያፈገፍግ ገዢ አብዛኛውን ጊዜ 10 በመቶ የሆነውን ቀብድ ያጣልና።

ሶሊሲተር ስትመርጡ በሙያው ተቆጣጣሪ አካል መዝገብ ላይ መኖሩንና አበዳሪው ባንክ የሚቀበለው መሆኑን አረጋግጡ። ፋይሉን በእጁ የሚይዘው ማን እንደሆነም በስም ጠይቁ።